ጥድ ሲወይብ

የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል ዛፍ ከሚወዱ ሰዎች አፍ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። «ጥዴ ቢጫ እየሆነ ነው፤ ሊደርቅብኝ ነው እንዴ?» ይላሉ። ፎቶም ያሳያሉ። ፎቶው እውነትም ያስደነግጣል። ሐምሌ ላይ ጥቁር አረንጓዴ የነበረው ዛፍ የካቲት ላይ ወይቧል። አንዳንዱማ ከቢጫም አልፎ የነሐስ መልክ ይዟል።

መልሱ ብዙ ጊዜ «አይደርቅም፣ ተወው» ነው። ጠያቂውም ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔ ግን እዚያ ላይ ማቆም አይሆንልኝም። ዛፉ ለምን ወየበ ብሎ ጠጋ ብሎ ላየው ሰው፣ ነገሩ ስለ ጥድ የምናስበውን ይገለብጣል። ብዙዎቻችን በብርድ ጊዜ ጥድ የሚቸግረው የብርሃን እጥረት ይመስለናል። ቀኑ አጭር ነው፤ ፀሐይዋም ዝቅ ብላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጥዱን የሚያስጨንቀው ብርሃኑ መብዛቱ ነው።

እዚህ ላይ ጥድ የምለው በጅምላ ነው። መርፌ የመሰለ ወይም ቅርፊት የመሰለ ቅጠል ያላቸውን፣ ዘራቸውንም በአብዛኛው በኮን የሚይዙትን ዛፎች ማለቴ ነው፦ ፓይን፣ ስፕሩስ፣ ቱያ፣ ላርችና ዘመዶቻቸው። ወራቱን ስጠራም የሰሜኑን የምድር ክፍል ይዤ ነው። እዚያ ብርዱ ከኅዳር እስከ የካቲት ይጠናል፤ በደቡቡ ይገለበጣል። በጋ ስልም የእዚያን የሙቀት ወራት ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቀለሙ። የማንኛውም ቅጠል አረንጓዴነት የሚመጣው ከክሎሮፊል ነው። ይህን ስም ያወጡለት ፔለቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የመድኃኒት ቀማሚዎች ናቸው፤ ዘመኑ የ1810ዎቹ መጨረሻ ነው። ለረጅም ጊዜ ቅጠል ውስጥ ያለው አረንጓዴው ብቻ ይመስል ነበር ማለት ባይቻልም፣ ቀለሞቹን አንድ በአንድ ለይቶ ማየት ግን ከባድ ነበር። ይህን ያቃለለው ሚኻይል ፅቬት የተባለ የእፅዋት ተመራማሪ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከቅጠል ያወጣውን ቀለም፣ የጠመኔ ዱቄት በታጨቀበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ አሳለፈው። ቀለሙ ወደ ታች ሲወርድ ተለያየ። ከላይ እስከ ታች የተለያዩ ቀለበቶች ሠራ፦ ቢጫ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ከዚያ ደግሞ ከአንድ በላይ ቢጫ። የዛሬው ላቦራቶሪ ያለሱ የማይንቀሳቀሰው ክሮማቶግራፊ የሚባለው ዘዴ የተወለደው ከዚህ ነው። ከቅጠል ቀለም መሆኑ ደስ ይለኛል።

ሁለቱ አረንጓዴዎች ክሎሮፊል ኤ እና ክሎሮፊል ቢ ናቸው። ከፀሐይ ብርሃን ቀዩንና ሰማያዊውን ይወስዳሉ፤ አረንጓዴውን በአብዛኛው ይመልሱታል። ቢጫዎቹ ካሮቲኖይድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። እነሱ ሰማያዊውን ወስደው ቢጫና ብርቱካናማ መልክ ይሰጣሉ። በጋ ላይ እነዚህ ቢጫዎች አይታዩም። የሉም ማለት ግን አይደለም፤ ክሎሮፊሉ ስለበዛ ውጦአቸው ነው። የጥድ ቅጠል መልክ ታሪክ እንግዲህ በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ ሚዛን ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው እንምጣ። ክሎሮፊል ብርሃን ሲይዝ ብርድና ሙቀት አይለይም። የብርሃን ቅንጣት ቅጠሉ ላይ ስታርፍ በዚያው ቅጽበት ትያዛለች። አየሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቢሆንም ያው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን የኢንዛይሞች ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወስደው ስኳር የሚሠሩት እነሱ ናቸው። እነሱን ደግሞ ብርድ ያደነዝዛቸዋል። አፈሩ በርዶ ውሃ አይሰጥም። ግንዱ ውስጥ ያለው ውሃም በረዶ ሆኗል። ቅጠሉ አየር የሚያስገባባቸው ቀዳዳዎች ተዘግተዋል። ወፍጮ ቤት አስቡ፤ እህሉ ከላይ ሳያቋርጥ ይወርዳል፣ ድንጋዩ ግን ቆሟል።

የተያዘው ኃይል የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ክሎሮፊል በብርሃን ሲቀሰቀስ ያን ኃይል ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ቢሊዮንኛ ሰከንድ ነው። ወደ ሥራ ካልሄደ፣ ወይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ ወይ ደካማ ቀይ ብርሃን ሆኖ ይመለሳል፣ ወይም ደግሞ ነገር ይበላሻል። ነገር የሚበላሸው ኃይሉ ወደ ኦክስጅን ሲተላለፍ ነው። ኦክስጅን እንዲህ ሲቀሰቀስ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ይሆናል። የሴሉን ሽፋን ይበላል፣ ፕሮቲኑን ያበላሻል፣ ራሱን ክሎሮፊሉንም ያነጣዋል። ቅጠሉን የሚያቃጥለው ብርዱ ብቻውን አይደለም። ብርድና ብርሃን ሲገናኙ ነው።

በረዶ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አዲስ የወረደ በረዶ ያረፈበትን ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ መልሶ ይወረውራል። ስለዚህ ዛፉ ከላይም ከታችም ይመታል። ለዚህ ነው ከብርዱ ወራት ሁሉ የሚከፋው ታኅሣሥ ያልሆነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ ደካማ ናት። የከፋው ጊዜ የካቲትና መጋቢት ነው። ፀሐይዋ በርትታለች፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ በረዶው ገና መሬት ላይ ነው፣ ሥሩ ገና እንደ ቀዘቀዘ ነው። ሰዎች «ጥዴ ወየበ» የሚሉትም በዚያው ሰሞን ነው።

ሰፊ ቅጠል ያላቸው ብዙ ዛፎች ለዚህ ጣጣ ያላቸው መላ አጭር ነው፦ ቅጠሉን አራግፎ መገላገል። ጥድ ግን መርፌውን በየዓመቱ መጣል አያዋጣውም። አንዷን መርፌ ለመሥራት ብዙ ያወጣል። ወፍራም ቆዳ፣ ሰም፣ ሙጫ አላት። የሚበቅልበት አፈርም ብዙውን ጊዜ ደሃ ነው። ስለዚህ መርፌዋ ለብዙ ዓመት ማገልገል አለባት። በተራራ ላይ የሚኖረው ብሪስልኮን የተባለው ፓይን መርፌውን ከ30 ዓመት በላይ ሊይዝ ይችላል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቅጠል አረንጓዴ ቀለሙን ይዞ፣ ሥራ በሌለበት፣ ፀሐይ ፊት ለወራት ቆሞ ሳይቃጠል ማለፍ አለበት።

እንዴት አድርጎ? ዋናው መልስ ከቢጫዎቹ ቀለሞች ዘንድ ነው።

ከካሮቲኖይዶቹ መካከል ዛንቶፊል የሚባል ቡድን አለ። ከእነሱ ውስጥ ሦስቱ እየተለዋወጡ ይሠራሉ፦ ቫዮላዛንቲን፣ አንቴራዛንቲንና ዚያዛንቲን። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ከቫዮላዛንቲን አንድ የኦክስጅን አቶም ሲነሳ አንቴራዛንቲን ይሆናል። አንድ ሲደገም ዚያዛንቲን ይሆናል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህች ትንሽ ለውጥ ግን ሥራቸውን ትቀይረዋለች። ቫዮላዛንቲን ብርሃን በመሰብሰብ ያግዛል። ዚያዛንቲን ሲበዛ ደግሞ የተትረፈረፈው ኃይል ሙቀት ሆኖ እንዲወጣ ያደርጋል፣ ጉዳት ሳይደርስ።

ለውጡን የሚጀምረው ራሱ የብርሃኑ መብዛት ነው። ብርሃን ሲበዛ ክሎሮፕላስት በሚባለው፣ ክሎሮፊሉ በሚገኝበት የሴል ክፍል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ከረጢቶች ውስጣቸው አሲድ ይሆናል። አሲዱ ኢንዛይሙን ይቀሰቅሰዋል፤ ኢንዛይሙ ኦክስጅኑን ያነሳል። ብርሃኑ ሲቀንስ ሌላ ኢንዛይም ይመልሰዋል። እነዚህ ቀለሞች በብርሃንና በጨለማ እየተቀያየሩ እንደሚመላለሱ ሃሪ ያማሞቶና ባልደረቦቹ በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በግልጽ አሳዩ። ዚያዛንቲን ከሙቀት ማስወጫው ጋር የተያያዘ መሆኑን ደግሞ ባርባራ ዴሚግ አዳምስ በ1980ዎቹ አሳየች። እሷና ባለቤቷ ዊሊያም አዳምስ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ለዓመታት የተከታተሉት አንዱ ጉዳይ፣ ቅጠላቸውን የማይጥሉ ዕፅዋት በብርድ ጊዜ ይህን ነገር እንዴት እንደሚያደርጉት ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በበጋ ቀን ዚያዛንቲን እኩለ ቀን አካባቢ ይበዛል፤ ማታ ይመለሳል። ጠዋት ቅጠሉ እንደገና ለሥራ ዝግጁ ነው። በብርድ ወራት ግን አይመለስም። ሌሊቱን ሙሉ ዚያዛንቲን እንደሆነ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቅጠሉ ገና ከመጀመሪያዋ ጨረር ኃይል ለመጣል ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ቀናት፣ ሳምንታት፣ ወራትም እንዲሁ ይቆያል። ከክሎሮፊሉ አንጻርም የእነዚህ ቢጫዎች መጠን ከፍ ይላል። ክሎሮፊሉ ራሱ በመጠኑ ይቀንሳል፤ በተለይ ፀሐይ በምታገኘው በኩል። አረንጓዴው ቀነስ፣ ቢጫው ጨመር። የወየበ ጥድ ማለት ይኸው ነው።

ይህ ነገር በመሣሪያም ይለካል። ቅጠሉ ላይ ብርሃን አብርቶ የሚመለሰውን ደካማ ቀይ ብርሃን መለካት ይቻላል። ከዚያም ከተያዘው ብርሃን ምን ያህሉ ለሥራ ሊውል እንደሚችል ይሰላል። ጤነኛ ቅጠል በበጋ 0.83 አካባቢ የሚሆን ቁጥር ይሰጣል። በሰሜኑ ጫካ ውስጥ ያለ ፓይን በከባድ ብርድ ጊዜ ከ0.2 በታች ሊወርድ ይችላል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ዛፉ ሞቷል ይላል። አልሞተም። ብርሃኑን እየያዘ እየጣለው ነው።

በ2020 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከሰሜን ስዊድን የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ። በክሎሮፕላስት ውስጥ ብርሃን የሚይዙ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ፎቶሲስተም ሁለትና ፎቶሲስተም አንድ ይባላሉ። በበጋ ተራርቀው ተደርድረው ይሠራሉ። በብርድ ወራት የፓይን ክሎሮፕላስት ውስጣዊ ድርድሩን ያላላና ሁለቱን ያቀራርባቸዋል። ያኔ አንደኛው የያዘው ኃይል በቀጥታ ወደ ሌላኛው ያልፋል፤ እዚያም ያለ ጉዳት ይወጣል። ከዚያዛንቲን ጋር ሲደመር ሁለት መውጫ ሆነ ማለት ነው። «ዛፉ ተኝቷል» የሚሉትን ሰዎች አልቀየማቸውም። ግን እንዲህ እያደረገ ያለን ነገር ተኝቷል ማለት ይከብደኛል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ቢጫው ነው። ለዓይን ግን ከሁሉ የሚያስደንቀው ቀዩ ነው። ለዚህ ደግሞ ቱያ ወይም ክሪፕቶሜሪያ የሚባለውን የጃፓን ዛፍ ማየት ይበቃል። እኔ በዚህ ሰሞን የቱያ አጥር ባለበት ሳልፍ አንድ ቅርንጫፍ ሳልገለብጥ ማለፍ አልችልም። ላዩ ነሐስ ነው። ቀይ ቡኒ፣ ዝገት የሚመስል። አገላብጣችሁ ሆዱን ስታዩት አረንጓዴ ነው። ያውም በጋ ላይ እንደነበረው ዓይነት። ሁለት ቅጠሎች ተነባብረው የላይኛው የታችኛውን የሸፈነበት ቦታ ላይ ድንበሩ እንደ ተሰመረ ጥርት ይላል። የላይኛውን ገፋ ስታደርጉት ጥላው የነበረበት ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ወደ አጥሩ ውስጥ እጃችሁን ስትሰዱም ያው ነው፤ ፀሐይ የማታገኘው ሁሉ አረንጓዴ ነው።

ብርዱ ለላዩም ለሆዱም እኩል ነበር። የተለየው ብርሃኑ ነው። ጥዱን የሚያስጨንቀው ብርሃን ነው ላላመነ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ መሣሪያም አያስፈልገውም።

ቀዩን የሚሰጠው ሮዶዛንቲን የሚባል ካሮቲኖይድ ነው። ዬው የተባለው ዛፍ ዘሩን የሚከብበው ቀይ ሥጋ ውስጥም ይገኛል። በቱያና በክሪፕቶሜሪያ ቅጠል ውስጥ የሚሠራው ብርዱና ፀሐዩ ሲገናኙ ነው። ሥራው ከዚያዛንቲን ይለያል። ዚያዛንቲን የተያዘውን ኃይል ያስወጣል፤ ሮዶዛንቲን ግን ብርሃኑ ክሎሮፊሉ ጋ ከመድረሱ በፊት ከፊሉን ራሱ ይውጠዋል። ብርዱ ሲያልፍ ቀዩ ይጠፋል፤ ያው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል። በክሪፕቶሜሪያ ዘንድ ሮዶዛንቲን መሥራት የማይችሉ፣ በብርድ ጊዜም አረንጓዴ ሆነው የሚቆዩ ዝርያዎች አሉ። ሌላው ነገራቸው ያው ስለሆነ ለተመራማሪዎች ጥሩ ማነጻጸሪያ ሆነዋል።

ሐምራዊውስ? እሱ ሌላ ቤተሰብ ነው፤ አንቶሲያኒን ይባላል። መሬት ለመሬት የሚሳበው ጁኒፐር አንዳንዱ ዓይነት በብርድ ወራት ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። የፓይን ችግኞችም በመጀመሪያው ዓመታቸው ብርዱ ሲጀምር ሐምራዊ ይሆናሉ። ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ችግሩ የፎስፈረስ እጥረትም ችግኝን ሐምራዊ ያደርጋል። ስለዚህ እነሱ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ወሩንም ይመለከታሉ። ጥቅምት ላይ ሐምራዊ መሆን የወግ ነው። ሰኔ ላይ ከሆነ ግን አፈሩን ማስመርመር ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ወዳጄ ልንገራችሁ። ግቢው ውስጥ ያለው ፓይን ጥቅምት ላይ ከውስጥ በኩል ቢጫ ሆነበት። ቅርንጫፎቹ ጫፋቸው አረንጓዴ ነው፤ ወደ ግንዱ ጠጋ ያሉት መርፌዎች ግን በሙሉ ወርቅ መስለዋል። መጋዝ ሊያመጣ ነበር። «ከውስጥ እየበሰበሰ ነው» አለኝ። ቆይ እስኪ ብዬ አንዱን ቅርንጫፍ ከጫፉ ጀምሬ ወደ ውስጥ ተከተልኩት። የዘንድሮው እድገት አረንጓዴ፣ ያምናው አረንጓዴ፣ ካቻምና የወጣው ቢጫ። ድንበሩ የዓመት ድንበር ነበር። ዛፉ አርጅተው ጊዜያቸው የደረሱትን መርፌዎች እያሰናበተ ነው። ነጭ ፓይን የሚባለው ለምሳሌ መርፌውን ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት ግማሽ አካሉ የታመመ ይመስላል። ስፕሩስ ይህን አያስታውቅም፤ መርፌውን ብዙ ዓመት ስለሚይዝ በየዓመቱ የሚጥለው ጥቂት ነው። መጋዙ አልመጣም።

የእነዚህ መርፌዎች ቢጫ ከየካቲቱ ቢጫ ይለያል። እዚህ ክሎሮፊሉ ቀነሰ ሳይሆን ፈረሰ። ዛፉ ከመርፌዋ ላይ ናይትሮጅኑንና ሌላውን የሚፈልገውን ሰብስቦ ወደ ቅርንጫፉ ይመልሳል። ክሎሮፊሉን በያዙት ፕሮቲኖች ውስጥ ብዙ ናይትሮጅን አለ። ፕሮቲኑን ለማውጣት መጀመሪያ ክሎሮፊሉን ጉዳት ወደማያደርስ ነገር መለወጥ ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ ብቻውን የቀረ ክሎሮፊል ብርሃን እየያዘ ያቃጥላል። ክሎሮፊሉ ሲሄድ ቢጫው ብቻውን ይቀራል።

የሚያሰጋው ቀለም ቡኒ ነው። ሞቶ የደረቀ ቡኒ። ፀሐይና ንፋስ ባለበት በኩል፣ ከመርፌዋ ጫፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ የሚሄድ። ይህ የሚሆነው ቅጠሉ ውሃ እያጣ ሥሩ መተካት ሲያቅተው ነው። እንዲህ የሆነ መርፌ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ጫፉ ላይ ያለው ቡቃያ ደህና ከሆነ ግን ቅርንጫፉ ይተርፋል። ቡቃያውን በጥፍር ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ መታገስ ነው። ከሁለቱም የተለየ ደግሞ የማግኒዚየም ቢጫ አለ። ማግኒዚየም የክሎሮፊል ሞለኪውል መሃል ላይ የተቀመጠ አቶም ነው። እሱ ሲጎድል ዛፉ ካሮጌው መርፌ ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ አሮጌው ቢጫ ይሆናል። በ1980ዎቹ በመካከለኛው አውሮፓ ተራሮች ላይ ብዙ ስፕሩስ እንዲህ ወይቦ ነበር። አሲድ ያለው ዝናብ ማግኒዚየሙን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶት ነው። እዚያም ቢሆን ፀሐይ ያገኛት የመርፌዋ ላይ ወየበ፣ ጥላ ያገኘው ቦታ አረንጓዴ ቀረ። ብርሃኑ የሌለበት ታሪክ የለም።

ስለ ላርች ሳላነሳ ብቀር ቅር ይለኛል። ላርች የጥድ ወገን ሆኖ ቅጠሉን በየዓመቱ ይጥላል። መርፌዎቹ ለስላሳ ናቸው። ጥቅምት ላይ ተራራው በሙሉ ወርቅ ይሆናል፤ ከዚያ በጥቂት ቀናት ይራገፋል። ረግረግ የሚወደው የአሜሪካው ባልድ ሳይፕረስም እንዲሁ ያደርጋል፤ እሱ ወደ ዝገት ቀለም ያመዝናል። ሜታሴኮያም አለ። ይህ ዛፍ በ1941 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስሙ የወጣለት ከቅሪተ አካል ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት ቻይና ውስጥ በሕይወት ቆሞ ተገኘ።

ላርችን የማደንቀው በድፍረቱ ነው። በሰሜን ከዓለም ዛፎች ሁሉ ርቆ የሚበቅለው የሳይቤሪያ ላርች ዘመድ የሆነው የዳሁሪያ ላርች ነው። እዚያ ብርዱ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ መሬቱ ከሥር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። ፓይንና ስፕሩስ እዚያ የመርፌያቸውን ጣጣ መቻል ያቅታቸዋል። ላርች ጣጣውን አስቀድሞ ጥሎታል። ቀጭን መርፌ ርካሽ ናት፤ አብዛኛውን ናይትሮጅን አስቀርቶ ይጥላታል፤ በአጭሩ በጋ ደግሞ በፍጥነት ይሠራባታል። ሁለት መንገድ፣ ሁለቱም የሚያዋጣ። የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ጫካው ውስጥ ሁለቱም አሉ።

በመሃል አንድ ነገር ላንሳ። ሰማያዊ ስፕሩስ የሚባለውን አይታችሁ ይሆናል። የእሱ ሰማያዊነት ከቀለም አይደለም። መርፌዋን በአውራ ጣታችሁ ጠረግ ስታደርጓት ሰማያዊው ይለቅና ከሥሩ ተራ አረንጓዴ ይወጣል። ሰም ነው። በጣም ደቃቅ የሰም ቃጫዎች ብርሃኑን ስለሚበትኑት ሰማያዊ ይመስላል። አዲስ መርፌ ላይ ይበረታል፤ ንፋስና ዝናብ እየፋቀው ከዓመት ዓመት ይደበዝዛል። ከወቅት ወቅት ለሚታየው ለውጥ ቀለሞቹን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ እንደማይቻል ለማስታወስ ያህል ነው።

ወደ ፓይኑ እንመለስ፤ ብርዱ ሲያልፍ ምን ይሆናል? ከበረዶ መሃል የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሞቃት ክፍል ውስጥ ውሃ ላይ ቢቀመጥ በቀናት ውስጥ ማገገም ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተወሰነው ይመለሳል። የቀረው ቀናት ይፈልጋል፤ የተበላሹ ፕሮቲኖች መተካት፣ የላላው ድርድር መጠገን አለበት። ዚያዛንቲን ወደ ቫዮላዛንቲን ይመለሳል። ክሎሮፊል እንደገና ይሠራል። ውጭ ባለው ዛፍ ላይ ግን ነገሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሦስት ሞቃት ቀን ይመጣል፤ ዛፉ ይነቃቃል። ከዚያ አንድ ሌሊት ብርድ ይመለሳል፤ ዛፉም ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደፊት፣ ወደ ኋላ፣ ሚያዝያ እስኪገባ። ግንቦት ላይ ሲታይ የወየበው ዛፍ ተመልሶ አረንጓዴ ሆኗል። ሰውየው ማዳበሪያ ጨምሮበት ከነበረ ማዳበሪያው ያዳነው ይመስለዋል።

ያኔ አዲሱ ቡቃያም ይወጣል። አዲስ መርፌ ፈካ ያለ ቢጫ አረንጓዴ ነው፤ ክሎሮፊሏ ገና አልሞላም። አንዳንድ የስፕሩስ ዓይነት ቡቃያው ቀይ ሆኖ ይወጣና በሳምንታት ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል። አትክልተኞች ለዚህች አጭር ጊዜ ሲሉ የሚተክሉት ዓይነት አለ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከኦሪገን ተራሮች የተገኘ «ቺፍ ጆሴፍ» የተባለ ፓይን ደግሞ ተቃራኒው ነው። በጋውን ተራ አረንጓዴ ነው፤ ብርዱ ሲገባ ደማቅ ወርቅ ይሆናል። ሌላው ሰው ጥዱ ቢጫ ሆነ ብሎ ሲጨነቅ፣ ለዚህኛው ቢጫ ሰው ገንዘብ ያወጣለታል።

ጥድ ከክሎሮፊል ጋር ያለው ዝምድና በሌላም በኩል ይገርማል። አበባ የሚያወጡ ዕፅዋት ክሎሮፊል ሠርተው ለመጨረስ ብርሃን ግድ ይላቸዋል። ጨለማ ውስጥ የበቀለ ባቄላ ገርጥቶ ነው የሚወጣው። የፓይን ዘር ጨለማ ውስጥ ሲበቅል ግን አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ያለ ብርሃን ክሎሮፊል የሚሠራበት ሁለተኛ ኢንዛይም አለው፤ አበባ የሚያወጡት ያጡት ጥንታዊ መሣሪያ ነው። በጨለማ አረንጓዴ የሚሆን፣ በብርሃን ብዛት የሚወይብ ዛፍ እንግዲህ ይሄው ነው።

ይህ ሁሉ ለአትክልት ወዳጅ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በሰሜኑ የምድር ክፍል ከአላስካ እስከ ሳይቤሪያ የተዘረጋው ጫካ በአብዛኛው የጥድ ወገን ነው፤ የሚስበው ካርቦንም ብዙ ነው። ሳተላይት ጫካው መቼ ሥራ እንደጀመረ ለማወቅ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመው በአረንጓዴነት ነበር። ቅጠሉን ለሚጥል ዛፍ ይሠራል። ለፓይን ግን አይሠራም፤ ጥርም ሐምሌም አረንጓዴ ነዋ። ተመራማሪው ጆን ጋሞንና ባልደረቦቹ በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሌላ መንገድ አሳዩ። የክሎሮፊሉንና የካሮቲኖይዱን ሚዛን ከብርሃኑ ነጸብራቅ ላይ ማንበብ ይቻላል። ሚዛኑ ሲለወጥ ፎቶሲንተሲሱም፣ ማለትም በብርሃን ኃይል ስኳር የመሥራቱ ሥራ፣ አብሮ ይለወጣል። በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ባለ የጥድ ጫካ ደግሞ በ2019 የወጣ ጥናት ቅጠሉ የሚመልሰውን ያንን ደካማ ቀይ ብርሃን ከላይ ሆኖ ለካ፤ እሱም ከወቅቱ የፎቶሲንተሲስ ውጣ ውረድ ጋር አብሮ ሄደ። ለዓይናችን «ትንሽ ወየብ ብሏል» የሚያሰኘው ለውጥ ከጠፈር ይታያል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያመላልሰኛል። አየሩ እየሞቀ ነው። ብርዱ ዘግይቶ ይመጣል። ታዲያ ጥዱ በረዘመው ሙቀት ተጠቅሞ ብዙ ካርቦን ይስባል? ለመገመት ቀላል ነው። ግን ዛፉ ለብርዱ መዘጋጀት የሚጀምረው በሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ የቀኑን ማጠርም ይቆጥራል። ካናዳ ውስጥ በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ጃክ ፓይን የተባለውን ዛፍ ችግኞች አጭር ቀን ከሞቀ አየር ጋር አድርገው አሳደጓቸው። ችግኞቹ ከሙቀቱ ተጨማሪ የካርቦን ትርፍ አላገኙም። የተለወጠው የተትረፈረፈውን ኃይል የሚጥሉበት መንገድ ነበር። ቀኑ ሲያጥር ሥራውን ቀንሰዋል፤ አየሩ ግን ገና ይሞቃል። በሚያዝያ በኩል ያለው ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ ሙቀቱ ይበልጥ ይወስናል፣ ዛፉም ቶሎ ይነሳል። ቶሎ ከተነሳ በኋላ አንድ ሌሊት ከባድ ብርድ ቢመለስ፣ ዚያዛንቲኑን አስረክቦ ለሥራ የተሰናዳ መርፌ ጠዋት ፀሐይ ፊት ይቆማል። በመኸሩ በኩል ቀኑ ልጓም ሆኖ ይዞታል፤ በዚህ በኩል የሚይዘው የለም።